በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ይዞ አጋዘን አደን፦ አንዷን ጥይት ቦታዋ ላይ ለማሳረፍ

የዛሬ አራት ዓመት ቨርጂኒያ ውስጥ ካለ አንድ የዒላማ ሜዳ ተናድጄ ወጣሁ። ሦስት ጊዜ ተኮስኩ። አንዷ ጥይት ወረቀቱን ግራ ጫፍ ላይ በሳችው። ሁለተኛዋ ቀኝ ላይ አረፈች። ሦስተኛዋ የት እንደገባች እሷና ፈጣሪ ያውቃሉ። ጠመንጃው አዲስ፣ ስኮፑም (ማነጣጠሪያ መነጽሩ) ውድ ነበር። ከጎኔ የነበሩ ነጭ ሽማግሌ ሲያዩኝ ቆይተው «ጠመንጃውን አትሳደብ፤ ጥይቱን የሠራኸው አንተ ነህ» አሉኝ።

ያኔ ሰውዬው ያሾፉብኝ መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳስበው ግን ነገሩ ሁሉ እዚያች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው ያለው። በዘመናዊ ጠመንጃ የምንተኩስ ሰዎች ጥይት እንገዛለን። ባሩዱን መዝኖ፣ አረሩን ቀለሁ ላይ ገጥሞ፣ ሃያውንም አንድ ዓይነት አድርጎ የሚሸጥልን ፋብሪካው ነው። በአፈሙዙ የሚጎርሰው ግን ቀለህ የለውም። ባሩዱን የምትለኩት እናንተ፣ አረሩን የምትጠቀጥቁት እናንተ ናችሁ። እጃችሁ በአንዱ ጊዜ ጠንከር፣ በሌላው ላላ ካለ ጥይቱም እንደዚያው ይሆናል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ግማሹ ስለ መተኮስ አይደለም። ስለ ማጉረስ ነው።

መጀመሪያ ሕጉን እዩ

የምጽፈው አሜሪካ ስላለው የአጋዘን አደን ነው። በነገራችን ላይ እዚህ አጋዘን የምንለው ነጭ ጅራት ያለውን እንጂ የአገራችንን አጋዘን አይደለም።

እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ሕግ አለው፤ ልዩነቱም ትንሽ አይደለም። ቨርጂኒያ ውስጥ ለአጋዘን ቢያንስ ባለ .45 ካሊበር (የበርሜሉ ቀዳዳ ስፋት በኢንች) ያስፈልጋል፣ ስኮፕም ይፈቀዳል። ኮሎራዶ ውስጥ በአፈሙዝ ጎራሽ ወቅት ስኮፕ የለም፣ ሴቦ (አረሩን የሚያቅፍ ፕላስቲክ) የለም፣ ተጠፍጥፎ የተሠራ ባሩድም አይፈቀድም። ፔንሲልቬኒያ ደግሞ ከገና በኋላ በባልጩት ድንጋይ ብልጭታ ለሚለኮሰው ለባልጩት ጠመንጃ ብቻ የተለየ ወቅት አላት። ፈቃድ ስታወጡ የዓመቱን ደንብ አንብቡ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነም የአዳኞችን ትምህርት ውሰዱ። ብርቱካናማውን ልብስ አትርሱ። ሕጉን ጎረቤታችሁን ጠይቃችሁ አትለፉት፤ በየዓመቱ ይቀያየራል።

እኔ ይህን ወቅት የምወድበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ቨርጂኒያ ላይ የመጀመሪያው የአፈሙዝ ጎራሽ ወቅት ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ሁለት ሳምንት ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። የዘመናዊ ጠመንጃው ወቅት ተከፍቶ ብዙም ሳይቆይ ጾም ነው ማለት ነው። ጥብስ መብላት የፈለገ ሰው በአፈሙዝ ጎራሹ ቢቀናው ይሻለዋል።

ደረጃ 1፦ በርሜሉ ምን መብላት እንደሚወድ እወቁ

በርሜሉ ውስጥ የተጠማዘዘ ቦይ አለ። ጥይቱን የሚያሽከረክረው እሱ ነው። ጥምዝምዙ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ በርሜሉ ላይ ተጽፏል፤ ካልሆነም መመሪያው ላይ ይገኛል።

1 በ28 የሚል ከሆነ ቦዩ በ28 ኢንች አንድ ሙሉ ዙር ይዞራል ማለት ነው። ይህ ፈጣን ነው። ለረዣዥም አረሮችና ለሴቦ የተሠራ ነው። ሴቦ የምንለው አረሩን አቅፎ የሚወጣ የፕላስቲክ ቀሚስ ነው። ከበርሜሉ እንደወጣ ይከፈትና ይወድቃል፣ አረሩ ብቻውን ይቀጥላል። ዛሬ ሱቅ ውስጥ የምታገኙት ባለ .50 ካሊበር ኢንላይን (እሳቱ ከባሩዱ በቀጥታ ከኋላ የሚነሳበት ዘመናዊ ዓይነት) ጠመንጃ አብዛኛው እንዲህ ነው። 1 በ66 አካባቢ ከሆነ ግን ቀርፋፋ ነው፤ በጨርቅ ለሚጠቀለል ድቡልቡል አረር የተሠራ የድሮ ዓይነት። 1 በ48 መሃል ላይ ያለ ነው። ሁሉንም ይተኩሳል፣ አንዱንም እንደ ልዩ አይወድም።

ድቡልቡል አረር ፈጣን ጥምዝምዝ ውስጥ ከትታችሁ፣ ብዙ ባሩድ አድርጋችሁ፣ ለምን ተበተነ ብትሉ ጥፋቱ የጠመንጃው አይደለም። ይህን ሳያውቅ ስኮፕ የቀየረ ሰው አውቃለሁ። ሁለት ጊዜ።

አረር ስትገዙ ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ትንንሽ ፓኬት ግዙ። ከዚያ በርሜሉ ራሱ ይምረጥ። ጓደኛዬ የሚምልበት አረር በእኔው ጠመንጃ ላይ የሰሃን ያህል ይበተናል። አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ሞዴል፣ ሁለት ጠባይ።

ደረጃ 2፦ ባሩዱን በስፍር፣ በልክ

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። በዘመናዊ ጥይት ውስጥ ያለውን ጭስ አልባ ባሩድ በፍጹም አትጠቀሙ። ግፊቱ ሌላ ነው። በርሜል ይሰነጥቃል፣ እጅና ዓይን ይዞ ይሄዳል። መመሪያው ላይ የተጻፈውን ዓይነት ብቻ፤ ወይ ጥቁሩን ባሩድ፣ ወይ ለእሱ ምትክ የተሠሩትን።

ጥቁር ባሩድ ራሱ የድሮው ነው፤ ከሰል፣ ድኝና ፖታሲየም ናይትሬት። ምትኮቹ ፓይሮዴክስ፣ ትሪፕል ሰቨን፣ ብላክሆርን 209 የሚባሉት ናቸው። ጠባያቸው አንድ አይደለም። ትሪፕል ሰቨን ከጥቁሩ ይበረታል፤ ተመሳሳይ ፍጥነት ለማግኘት 15 በመቶ ያህል ይቀነስለታል። ብላክሆርን 209 ደግሞ ደካማ እሳት አይበቃውም፤ ስሙ እንደሚለው የ209 ፕራይመር (ባሩዱን የሚለኩስ ትንሽ እሳት ጫሪ) ይፈልጋል።

የሚለካው በስፍር ነው፣ በክብደት አይደለም። መለኪያው ላይ 80 ግሬን (የባሩድ መለኪያ አሃድ ነው) የሚለው የጥቁር ባሩድን ስፍር ነው። ስለዚህ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኜ ልክ ላምጣ የሚል ሰው ይሳሳታል። መለኪያውን ሙሉ፣ ጎኑን በጣታችሁ መታ መታ አድርጉ፣ ከላይ ያለውን ጥረጉ። ሦስት ጊዜ የምትመቱ ከሆነ ሁልጊዜ ሦስት። እናቶቻችን ጤፍ በጣሳ ሲሰፍሩ አይታችሁ ከሆነ ገብቷችኋል፤ የተነቀነቀ ጣሳና ያልተነቀነቀ ጣሳ እኩል አይይዝም።

ስንት ይሁን? ለባለ .50 ኢንላይን እኔ ከ80 ግሬን እጀምራለሁ። ሦስት ጥይት እተኩሳለሁ። 5 ግሬን ጨምሬ ሌላ ሦስት። እንደገና 5። የሆነ ቦታ ላይ ሦስቱ ቀዳዳዎች ይሰበሰባሉ፣ ካለፋችሁት እንደገና ይበተናሉ። የተሰበሰቡበት ላይ ቁሙ። መመሪያው የሚፈቅደው ከፍተኛ ልክ ግን አጥር ነው፣ አይዘለልም።

ብዙ ሰው ሦስት የ50 ግሬን ፔሌት (ተጠፍጥፎ የተሠራ ባሩድ) ከትቶ 150 ይተኩሳል። ትከሻው ይቀልጣል። ብዙ ጊዜ ጥይቱም የተሻለ ቦታ አይሄድም። አጋዘን በ90 እና በ150 መካከል ያለውን ልዩነት አያውቀውም፤ ሳንባው ላይ መመታቱንና አለመመታቱን ግን ያውቃል።

ደረጃ 3፦ አጎራረስ

ረጋ ብላችሁ አንብቡት። እኔም ሜዳው ላይ በረጋ መንፈስ ነው የምሠራው።

መጀመሪያ ባዶ መሆኑን አረጋግጡ። መጠቅጠቂያውን ዘንግ እስከ ታች አስገቡና ከአፈሙዙ ጋር እኩል በሆነበት ቦታ በማርከር አንድ መስመር አስምሩ። ይህ የባዶ መስመር ነው። የመረጣችሁት ባሩድና አረር ገብቶ ልክ ሲቀመጥ ደግሞ ሁለተኛ መስመር። ይህ የሙሉ መስመር ነው። የአንድ ዶላር ማርከር ነው፤ ከስኮፑ የበለጠ ጠቅሞኛል።

ቀጥሎ ዘይቱ። ጠመንጃ ቤት ውስጥ ሲቀመጥ ዘይት ይቀባል። ዘይቱ ባሩዱን ያረጥበዋል፣ ጥይቷም ወዳልሆነ ቦታ ትሄዳለች። ደረቅ ጨርቅ ሁለት ሦስቴ አሳልፉበት። ከዚያ ምንም ሳታጎርሱ፣ አፈሙዙን መሬት ላይ ወዳለ ሣር አስጠግታችሁ አንድ ሁለት ፕራይመር ተኩሱ። ሣሩ እፍ እንደተባለ ከተንቀሳቀሰ መንገዱ ክፍት ነው። ካልተንቀሳቀሰ ቀዳዳው ተደፍኗል፣ አጽዱት።

ባሩዱን ከመለኪያው ብቻ አፍስሱ። ከቆርቆሮው ወይም ከቀንዱ በቀጥታ በፍጹም። በርሜሉ ውስጥ ከበፊቱ ተኩስ የቀረች አንዲት ፍም ካለች፣ በእጃችሁ ያለው 80 ግሬን ሳይሆን ሙሉው ቆርቆሮ ነው የሚነሳው። ፊታችሁንም ከአፈሙዙ በላይ አታድርጉ።

አረሩን በአጭሩ መግፊያ አስጀምሩት። ከዚያ በረጅሙ ዘንግ፣ በአንድ ወጥ ግፊት፣ እስከ ታች። ዘንጉን እንደ ሙቀጫ ዘነዘና አትውገሩት። እርሳስ ለስላሳ ነው፣ አፍንጫው ይጨፈለቃል። ባሩዱ ላይ ሲደርስ እጃችሁ ይሰማዋል። እዚያ ላይ ሁልጊዜ እኩል ተጫኑ። እኔ መዳፌን ጫፉ ላይ አድርጌ አንዴ ጠበቅ አድርጌ እጫናለሁ፣ ከዚያ እለቃለሁ። ሌላ አልጨምርም።

አሁን መስመሩን እዩ። አንድ ቀን ትሪፕል ሰቨን ይዤ አራተኛዬን ሳጎርስ ዘንጉ ቆመ። መስመሩ ከአፈሙዙ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይታየኛል። ተጫንኩት። ንቅንቅ የለም። አጠገቤ የነበረ ልጅ «ተኩሰው ይውጣ!» አለኝ። ይህን ምክር የሚሰጣችሁን ሰው አመስግናችሁ ራቁት። በባሩዱና በአረሩ መካከል ክፍተት ካለ አረሩ እንደ ውታፍ ነው፤ በርሜል ሊያፈነዳ ይችላል። ኢንላይን ስለነበር ኋላውን የሚዘጋውን ቡሎን ፈታሁ። ባሩዱን አራገፍኩ። አረሩንም በዘንጉ ገፍቼ አወጣሁት። ጥፋቱ የእኔ ነበር። በየተኩሱ መሃል ሳላጸዳ ነው የቀጠልኩት፣ ጥላሸቱ ቀለበት ሠርቶ ያዘው።

ሁለተኛው አደጋ ደርቦ ማጉረስ ነው። ወሬ ላይ ሆናችሁ ባሩድ ጨምሬያለሁ ወይስ አልጨመርኩም ካላችሁ አትገምቱ። ዘንጉን አስገቡ፣ መስመሩ ይነግራችኋል።

ፕራይመሩ የመጨረሻ ነው። አፈሙዙ ወደ ዒላማው ዞሮ፣ ለመተኮስ ስትዘጋጁ ብቻ።

ይህ ሁሉ ሲለምዱት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ለአዳኝ ብዙ አይደለም፤ ለወታደር ግን ዕድሜ ነው። በ1868 መቅደላ አጠገብ እሮጌ ላይ የዐፄ ቴዎድሮስ ሰዎች በአብዛኛው በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ይዘው፣ በኋላው የሚጎርስ ስናይደር ከያዘ የእንግሊዝ ጦር ጋር ነው የገጠሙት። ዘንግ ይዤ በቆምኩ ቁጥር ትዝ ይሉኛል።

ደረጃ 4፦ በየተኩሱ መሃል አጽዱ

ያን ቀን የተበተኑብኝ ሦስት ጥይቶች ምክንያታቸው ይኸው ነበር። የመጀመሪያዋ በንጹሕ በርሜል ወጣች። ሁለተኛዋ በቆሸሸ። ሦስተኛዋ ይበልጥ በቆሸሸ። ሦስት የተለያየ በርሜል እንደማለት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ጨርቅ በትንሹ አርጥቡ፤ ምራቅም ይበቃል፣ ሽማግሌው የሚያደርጉት እንደዚያ ነው። አስገቡ፣ አውጡ፣ ገልብጡና ድገሙት። ከዚያ ሁለት ደረቅ ጨርቅ። አለቀ። የሚንጠባጠብ ጨርቅ ግን አይሆንም፤ ውሃው ታች ይጠራቀምና የሚቀጥለው ባሩድ ይረጥባል። ያኔ ምላጩን ትስባላችሁ፣ ቸስ ይላል፣ ዝም ይላል።

ዝም ሲል ጠመንጃውን ወደራሳችሁ እንዳታዞሩት። ዘግይቶ ሊነሳ ይችላል። አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳደረጋችሁ አንድ ሙሉ ደቂቃ ጠብቁ።

ብላክሆርን የሚጠቀሙ ሰዎች ሳያጸዱ ብዙ ይተኩሳሉ፣ እውነት ነው። ከሌሎቹ ጋር ግን አትሞክሩት።

ሴቦ የምትጠቀሙ ደግሞ በርሜሉን አቀዝቅዙ። በርሜል ሲግል ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ አያያዙም ይላላል። ጠመንጃውን ጥላ ላይ አቁማችሁ ቡና ጠጡ። ቴርሞስ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሜዳው ላይ የሚሸጡት ቡና ቡና አይደለም።

በድቡልቡል አረር የምትተኩሱ ከሆነ አንድ የምወደው ነገር አለ። ከተኮሳችሁ በኋላ፣ ሜዳው ሲዘጋና ፈቃድ ሲሰጣችሁ፣ ከፊታችሁ ጥቂት እርምጃ ሄዳችሁ የተተኮሰውን ጨርቅ ከመሬት አንሱ። ደብዳቤ ነው፣ አንብቡት። ለባለ .50 የተለመደው .490 አረርና ውፍረቱ .015 ኢንች የሆነ ጨርቅ ነው። ጨርቁ ዙሪያውን እንደ አበባ ተነስንሶ፣ መሃሉ ጠቁሮ ግን ሳይቀደድ ከተገኘ ጥሩ ነው። መሃሉ ከተቃጠለ ጨርቁ ስስ ነው፣ ቅባቱ አንሷል፣ ወይም ባሩዱ በዝቷል። በምላጭ እንደተሰነጠቀ ከተቆራረጠ የቦዩ ጠርዝ ስለት ነው። የአዲስ በርሜል ስለት በተኩስ ብዛት ይለሰልሳል፤ ካልለሰለሰ ለባለሙያ አሳዩት።

ደረጃ 5፦ ከቅርብ ጀምሩ

100 ያርድ ላይ ወረቀት ሰቅሎ መጀመር ጥይት መጨረስ ነው። መጀመሪያ 25 ያርድ። ከጠረጴዛ ላይ ተቀምጣችሁ፣ ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፉ። ከረጢቱ ከእንጨቱ ሥር ይሁን፤ በርሜሉ ራሱ ከተደገፈ፣ በተለይ በጠንካራ ነገር ላይ፣ ጥይቱ ወደ ላይ ይዘላል።

አንድ ጥይት ተኩሳችሁ ስኮፑን አታዙሩ። ሦስት ተኩሱ። የሦስቱን መሃል ፈልጉ። ከዚያ አስተካክሉ። የአብዛኛው ስኮፕ አንድ ጠቅታ 100 ያርድ ላይ ሩብ ኢንች ነው። ስለዚህ አንድ ኢንች ለማንቀሳቀስ 100 ያርድ ላይ 4 ጠቅታ፣ 50 ላይ 8፣ 25 ላይ 16 ይፈልጋል። 25 ላይ 4 ጠቅታ አዙሮ «ስኮፑ ተበላሽቷል» ያለ ሰው ብዙ ነው።

ስኮፕ ከሌላችሁ፣ የኋላውን ማነጣጠሪያ ጥይቱ እንዲሄድ ወደምትፈልጉበት ግፉት። የፊተኛውን ከሆነ የምታንቀሳቅሱት ተቃራኒውን።

25 ላይ ሲገጥም 50፣ ከዚያ 100። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ባሩድም አረርም ፕራይመርም ቀይራችሁ ቢሻሻል ማን እንዳሻሻለው አታውቁም። ደብተር ያዙ። የእኔ ደብተር ገጽ እንዲህ ይላል፦ «90 ግሬን፣ ሴቦ 250፣ 209፣ ጸድቷል፣ ንፋስ ከግራ፣ 100 ያርድ፣ ሦስቱም በሻይ ብርጭቆ ክዳን ውስጥ።» ከዚያ ገጽ ወዲህ ምንም አልቀየርኩም።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር። ጫካ ውስጥ የምትተኩሱት አንዷን ነው፤ አንድ ያላት እንቅልፍ የላት። ያቺ አንዷ ደግሞ ከንጹሕና ከቀዝቃዛ በርሜል ነው የምትወጣው። ሜዳ ላይ ሦስተኛዋና አራተኛዋ ጥይት ቢሰበሰቡ ምን ይረባል? ስለዚህ አንድ ወረቀት ያዙ። በተለያየ ቀን ሜዳ ስትሄዱ የመጀመሪያዋን ብቻ እዚያ ወረቀት ላይ ተኩሱ። አጥፋችሁ ወደ ቦርሳ። በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ወረቀት ሰቅላችሁ እንደገና አንድ። አምስት ቀን፣ አምስት ቀዳዳ። እውነተኛው ችሎታችሁ ያ ወረቀት ነው።

ደረጃ 6፦ ምላጩና ትከሻችሁ

ትከሻ ብልጥ ነው። ጠመንጃው እንደሚረግጠው ካወቀ ቀድሞ ይሸማቀቃል። ዓይን ይጨፈናል፣ ጥይቷ ወደ ታች ትሄዳለች። መድኃኒቱ በባዶ መለማመድ ነው። ባዶ መሆኑን በዘንጉ አረጋግጡ። የተተኮሰ አሮጌ ፕራይመር አስገቡ። ግድግዳ ላይ ወዳለች ነጥብ አነጣጥራችሁ ምላጩን ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ቀጭ ሲል የስኮፑ መስቀል ከነጥቧ ካልተንቀሳቀሰ ጥሩ። በቀን አሥር ጊዜ፣ ከዜና በፊት። ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ ስቃብኝ ነበር።

ሌላው ከተኮሱ በኋላ መቆየት ነው። ይህ ጠመንጃ ቀርፋፋ ነው። እሳቱ እስኪያዝ፣ አረሩም በርሜሉን እስኪጨርስ ከዘመናዊው ይዘገያል። በባልጩቱ ላይ መዘግየቱ በጆሮ ይሰማል፦ ቸስ፣ ዷ። በዚያች ቅጽበት ውስጥ ራሳችሁን ቀና ካደረጋችሁ ጥይቱ አብሯችሁ ቀና ይላል። ጭሱ እስኪነሳ ጉንጫችሁን ከሰደፉ አታንሱ።

ደረጃ 7፦ ጫካ ውስጥ

የመጀመሪያ ጠላታችሁ እርጥበት ነው። ማታ ጠመንጃውን ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት አታስገቡት። ላብ ያወጣል፣ ባሩዱ ይረጥባል። እኔ አንድ ዓመት አጉርሼ ያሳደርኩትን ወጥ ቤት በር ላይ አስቀምጬ፣ በማግሥቱ ከሠላሳ እርምጃ ላይ የቆመ ወንድ አጋዘን ፊት «ቸስ» አለብኝ። እንስሳው ዞር ብሎ አየኝ። እንደ መታዘብ። አሁን ማታ ማታ አራግፌ ጠዋት አዲስ አጎርሳለሁ፤ በባሩድ ዋጋ ተጸጽቼ አላውቅም። አፈሙዙን በቀጭን የኤሌክትሪክ ቴፕ ሸፍኑት። ሲተኮስ ከአረሩ የሚቀድመው አየር ቴፑን ይገነጥለዋል። ዛፍ ላይ ስትወጡም ስትወርዱም ፕራይመሩ ይውጣ።

ሁለተኛው ርቀት ነው። የሴቦ አረር 100 ያርድ ላይ ከተስተካከለ፣ እንደ ጭነቱ ቢለያይም፣ 150 ላይ ወደ 5 ኢንች ይወርዳል። 200 ላይ ከአንድ ጫማ ያልፋል። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ከ8 እስከ 10 ኢንች ስፋት ነው። ሂሳቡን ሥሩት። እኔ ከ100 ያርድ በላይ አልተኩስም። እዚያ ወረቀት ላይ አምስት ቀዳዳ ያላሳያችሁኝ ሰዎችም ባትተኩሱ ደስ ይለኛል። በድቡልቡል አረርና ያለስኮፕ ከሆነ ደግሞ ከ50 እስከ 75። መቀመጫችሁ ላይ ስትደርሱ ዛፎቹን በርቀት መለኪያ ለኩ፣ አጋዘኑ ሳይመጣ።

ጎኑን እስኪሰጥ ጠብቁ። ከፊት እግሩ ኋላ፣ ከሰውነቱ ከታች አንድ ሦስተኛ ላይ አነጣጥሩ። ትንሽ ከእናንተ ወደ ወዲያ ዞሮ ሲሄድ ከሆነ የወዲያኛውን ትከሻ አስቡ። ፊት ለፊት ሲያያችሁ ወይም ጀርባውን ሲሰጥ አትተኩሱ። በእጃችሁ ብቻ ይዛችሁም አትተኩሱ፤ ጉልበት፣ ዛፍ፣ ዱላ፣ ያገኛችሁትን ተደገፉ።

ከተኮሳችሁ በኋላ ምንም አይታይም። ነጭ ጭስ ብቻ። ጎንበስ በሉና ከጭሱ ሥር እዩ። የት እንደቆመ፣ በየትኛው ዛፍ በኩል እንደሄደ በዓይናችሁ ያዙ። መልሳችሁ አጉርሱ። ከዚያ ቁጭ በሉ። ሲወድቅ ካላያችሁት ግማሽ ሰዓት ቆዩ። ቸኩሎ የሚከተል ሰው የተኛውን አስነስቶ ያጣዋል።

ደረጃ 8፦ ያኑ ማታ

ደክሟችኋል፣ ሥጋው ገና አልተበለተም፣ ስልካችሁ ይጮኻል። ቢሆንም አጽዱት። የባሩዱ ቅሪት እርጥበት ይስባል፣ በአንድ ሌሊት ዝገት ይጀምራል። የዛገ በርሜል ደግሞ ደብተራችሁ ላይ ያለውን ሁሉ ያፈርሳል።

ለጥቁር ባሩድ፣ ለፓይሮዴክስና ለትሪፕል ሰቨን ሙቅ ውሃና የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይበቃል። ለብላክሆርን ውሃ አይሠራም፤ የጠመንጃ ማጽጃ ፈሳሽ ያስፈልገዋል። የኋላውን ቡሎን ፍቱ። ቀዳዳውን በቀጭን ሽቦ አጽዱ። ጥርሱን ግሪስ ቀቡት፤ ካልቀባችሁት በሚቀጥለው ጊዜ በመፍቻም እሺ አይልም። በርሜሉን ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ጥረጉ፣ አድርቁ፣ በስሱ ዘይት ቀቡ። በማግሥቱ አንድ ጨርቅ እንደገና አስገቡ። ቡናማ ሆኖ ከወጣ ትናንት ቸኩላችኋል፤ ከውሃው ጀምሩ።